ባትሪን ወደ ኋላ ኮፈን ማዛወር፦ የአምስት ሜትር ሽቦ ጉዳይ

(በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ባለመኪና ወደ ጋራዥ ገብቶ «ባትሪውን ወደ ኋላ አዙርልኝ» ቢል፣ ጥያቄው የግማሽ ቀን ሥራ ይመስላል። ምክንያቱም ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ በትልቅ ሞተር ተቀይሮ ከፊት ቦታ ጠቧል፣ ወይም ከባድ የድምፅ ማጉያ ከኋላ ገብቷል፣ አለዚያም ባለቤቱ ባትሪው እንዳይሰረቅበት ይሰጋል። እኔ ዛሬ የማስረዳው አንድ ነገር ነው። ባትሪው ሲዛወር በተሳፋሪዎች እግር ሥር የሚያልፍ፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር የሚደርስ ባለ ኃይል ሽቦ ይፈጠራል። ያ ሽቦ ከባትሪው ራስ አጠገብ ፊውዝ ከሌለው ሥራው አልተፈጸመም።

ሐሳቡ በራሱ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ሞተሯ ከፊት ሆኖ ባትሪዋ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ነበር። ብዙ የቢኤምደብልዩ ሞዴሎችም እንዲሁ ናቸው። ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የምናውቃት ቮልስዋገን ደግሞ ባትሪዋን ከኋላ መቀመጫ ሥር ትይዛለች። በእርሷ ላይ የታወቀ አደጋ ነበር። የባትሪው መሸፈኛ ሲጠፋና ከባድ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ የባትሪውን ራስ ይነካል፤ በዚህም ብልጭታ ተነሥቶ የመቀመጫው ሙሊት ይቀጣጠላል። ከተሳፋሪ አጠገብ የተቀመጠ ባትሪ ጥበቃውም አብሮት መሄድ እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። የአንድ አነስተኛ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያስነሣ 200 አምፔር ይስባል እንበል። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው የመዳብ ሽቦ ውፍረቱ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ በመንገድ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ይጠፋል። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግማሽ ቮልት፣ 50 ቢሆን ደግሞ ሲሶ ቮልት ገደማ ብቻ ይጠፋል። ስለዚህ ከፊት ሳለ የሚሠራበትን አጭር ሽቦ በተመሳሳይ ውፍረት ማስረዘም በብርዳማው የኮልፌ ማለዳ መኪናው አልነሣ እንዲል ያደርጋል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ችግር ያውቃሉ፤ ወፍራም ሽቦም ይገዛሉ። ይሁን እንጂ ሽቦው በወፈረ ቁጥር ሌላው አደጋ እንደማይቀንስ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ይህ ወፍራም ሽቦ በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ በመንገዱ ንዝረት ልባሱ ተልጦ የመኪናውን አካል ነካ እንበል። የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ 6 ሚሊ ኦም፣ የሽቦው ደግሞ 2.5 ሚሊ ኦም ገደማ ቢሆን ወደ 1,500 አምፔር የሚጠጋ ከረንት ይፈስሳል። በሽቦው ላይ ብቻ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ይህ በየቤታችን ካለው የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ የሚበልጥ ኃይል ነው። ሽቦው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል መዳብ ስለሆነ ሙቀቱ በየሰከንዱ 9 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የፕላስቲክ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከላዩ ምንጣፍ፣ በብዙ መኪኖችም አቅራቢያው የነዳጅ ቋት አለ። ባትሪው ከፊት ሳለ የሞተሪኖው ሽቦ ፊውዝ የማይኖረው አጭር ስለሆነና ከተሳፋሪ ስለሚርቅ ነው። ሽቦው ሲረዝም ይህ ምክንያት ይቀራል። ቢኤምደብልዩ በግጭት ጊዜ በትንሽ ፈንጂ የባትሪውን ራስ ከሞተሪኖው ሽቦ የሚለይ መሣሪያ የጨመረው ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጋዝ ነው። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ከልክ በላይ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። 300 ሊትር በሚይዝ የተዘጋ ኮፈን ይህ 12 ሊትር ጋዝ ማለት ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ ጋዙ ይበልጥ ይሰፋል። በዚህ ግፊት አንድ አምፔር ሰዓት ትርፍ ሙሌት ከስድስቱ የባትሪ ክፍሎች ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ያወጣል። ዲናሞው ተበላሽቶ 5 አምፔር ትርፍ ቢሰጥ ጋዝ በማያስወጣ ኮፈን ውስጥ 40 ደቂቃ ይበቃል። ቪትዝን በመሰሉ፣ የኋላው ክፍል ከተሳፋሪው ባልተለየባቸው መኪኖች ደግሞ ጋዙና የአሲድ ትነቱ ወደ ሰው ይደርሳሉ።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ባትሪ ወደ ኋላ የሚሄድበት ጥቅም ሚዛን እንደሆነ ይነገራል። ኋለኛ ጎማው ለሚገፋ መኪና ይህ እውነት ነው። ነገር ግን 15 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ከፊት ወደ ኋላ ኮፈን ሲዛወር ከፊት ጎማዎች ላይ 19 ኪሎ ያህል ይነሣል፤ ባትሪው ከኋላ ጎማው አልፎ ስለሚቀመጥ እንደ ሚዛን ዘንግ ይሠራል። የፊት ጎማው ለሚጎትት መኪና ይህ በዝናብ ወቅት በኮልፌ ዳገቶች ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይደለም።

እንግዲህ ማዛወሩ ግድ ከሆነ የሚከተሉት አይታለፉም። አንደኛ፣ ከፖዘቲቩ ራስ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ ይግባ፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ የላሜራ ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይደረግ፤ ሽቦው ከነዳጅ መስመርና ከማርሚታ ይራቅ። ሦስተኛ፣ ኔጌቲቩ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር፤ ሞተሩን ከመኪናው አካል የሚያገናኘው ሽቦም በዚያው መጠን ይወፍር። አራተኛ፣ ባትሪው የታሸገ ዓይነት ይሁን፤ በጋዝ ማስወጫ ቱቦም ወደ ውጭ ይተንፍስ። አምስተኛ፣ በብረት ማቀፊያ ከወለሉ ጋር በብሎን ይጠበቅ፤ በ20 ጂ ግጭት 15 ኪሎው ባትሪ 300 ኪሎ እንደሚመዝን ዕቃ ወደ ፊት ይገፋልና።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማድረጉን ታስታውሳላችሁ። ያሉት የቤንዚን መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላሉ፤ ይጠገናሉ፤ ይሻሻላሉም። ስለዚህ «አዙርልኝ» የሚለው ጥያቄ ወደ እናንተ ደጋግሞ ይመጣል። ባለንብረቱን ምክንያቱን ጠይቁት። የሚሰጋው ሌባን ከሆነ በፊት ኮፈኑ ላይ ጠንካራ ቁልፍ ማሠራት ይበቃዋል። ቦታ ከጠበበው በመጠን ያነሰ ባትሪ ሊበቃው ይችላል። ከዚያም በኋላ ማዛወሩ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ፣ የፊውዙን ዋጋ ቀንሱልኝ ቢላችሁ ሥራውን መልሱለት። በዚያ መኪና ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቹ ከሥራቸው ምን እንደሚያልፍ አያውቁም፤ የሚያውቀው ሽቦውን የዘረጋው ሰው ብቻ ነው።