ሞጆ ደረቅ ወደብን ማን ያሳየን?

በነባሩ መንገድ ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ የሚወርድ ተሳፋሪ ሞጆ ሲደርስ መንገድ ዳር የተሰለፉ ተሳቢ መኪኖችንና ከአጥር በላይ ብቅ ያለ ባለ ብዙ ቀለም የኮንቴይነር ክምር ያያል። ሚኒባሱ ያልፋል፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል። በየቤታችን ያለው ሴራሚክ፣ የመኪናው ጎማና መለዋወጫ፣ የልብስ ስፌቱ ጨርቅ፣ የፋብሪካው ማሽን በብዛት የሚያልፈው ግን በዚያ አጥር ውስጥ ነው። አገር በሙሉ የሚጠቀምበትን፣ አገር በሙሉ ግን የማያውቀውን ቦታ ማስተዋወቅ ተገቢ መሰለኝ።

ሞጆ ለዚህ ሥራ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሉሜ ወረዳ የምትገኝ የመንገዶች መገናኛ ናት። የጅቡቲው መንገድ በአዳማና በአዋሽ በኩል ይቀጥላል፤ የመቂው፣ የሐዋሳውና የሞያሌው ደግሞ እዚሁ ይገነጠላል። ከመኪናው በፊትም ባቡር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ግንባታ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ሞጆም ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የነበረው ያ ባቡር ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ጉዞው ከተቋረጠ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። እሱም ሞጆን አልዘለላትም።

ወደብን ከባሕር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሥራት ለምን አስፈለገ? እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ዕቃ በአብዛኛው የሚገባው በአሰብ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋና የገቢ ዕቃው ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አስመጪው ዕቃውን ከጅቡቲ እስኪያወጣ ድረስ የሚከፍለው የመጋዘንና የወደብ ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ነው። ሰነድ አንድ ቀን በዘገየ ቁጥር ዶላር ይፈስሳል። ደረቅ ወደብ የተፈጠረው ይህን መጠበቅ ከባሕሩ ዳር አንሥቶ ወደ አገር ውስጥ ለማምጣት ነው። ዕቃው ሳይከፈት፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት፣ እንደታሸገ ተጓጉዞ ሞጆ ይገባል፤ የመጋዘኑም ክፍያ በብር ይሆናል።

ሞጆ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የንግድ መርከብ ድርጅቱ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎቱና የደረቅ ወደብ ድርጅቱ ተዋሕደው አንድ ድርጅት ሆኑ፤ መልቲሞዳል የሚባለው አሠራርም ተስፋፋ። በመልቲሞዳል አስመጪው የሚዋዋለው ከአንድ አካል ጋር ነው። ድርጅቱ ዕቃውን ቻይና ወይም ሕንድ ወደብ ላይ ተረክቦ በመርከብ፣ ከዚያም በመኪና ወይም በባቡር ሞጆ ድረስ በራሱ ኃላፊነት ያደርሳል። ዩኒሞዳል በሚባለው ደግሞ አስመጪው ጅቡቲ ላይ ዕቃውን በራሱ ትራንዚተር፣ ማለትም በጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ያስለቅቃል። ዛሬ ቃሊቲ፣ ሰመራ፣ ኮምቦልቻ፣ ድሬዳዋና ሌሎችም ደረቅ ወደብ አላቸው፤ ትልቁ ግን ሞጆ ነው።

ከግቢው ዕቃ ሁሉ ቀርቦ መታየት ያለበት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። አሜሪካዊው የጭነት መኪና ባለቤት ማልኮም ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1956 ሃምሳ ስምንት የብረት ሣጥኖችን በአንድ መርከብ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ከላከ ወዲህ የዓለም ንግድ በዚህ ሣጥን ተለክቷል። ትንሹ ባለ 20 ጫማ ሲሆን ርዝመቱ ስድስት ሜትር ያህል ነው፤ ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። በሩ ላይ አራት የላቲን ፊደላት፣ ቀጥሎ ስድስት አኃዞች፣ በመጨረሻም ለብቻዋ በአራት ማዕዘን የተከበበች አንዲት አኃዝ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ባለቤቱን ይናገራሉ። የተከበበችው አኃዝ ደግሞ ከፊቷ ካሉት ፊደላትና አኃዞች ሁሉ በሒሳብ የምትወጣ ናት፤ መዝጋቢው ከመካከል አንዱን ቢያሳስት ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ አይገጥምም፣ ስሕተቱም እዚያው ይያዛል። አንድ ኮንቴይነር ከሌላው የሚለየው በዚህች መስመር ስለሆነ እንዲህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሣጥኑን የሚያነሣው ማሽን ሪች ስታከር ይባላል። የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ክንድ አለው፤ ከክንዱ ጫፍ እንደ ኮንቴይነሩ ርዝመት የሚሰፋ የብረት መያዣ ተንጠልጥሏል። በኮንቴይነሩ ጣሪያ አራት ማዕዘኖች ላይ ሞላላ ቀዳዳዎች አሉ። የመያዣው አራት ቁልፎች በቀዳዳዎቹ ገብተው ሩብ ዙር ሲዞሩ ሣጥኑ ይቆለፋል፤ ኦፕሬተሩም አራቱም መያዛቸውን ካረጋገጠ በኋላ ያነሣዋል። ሠላሳ ቶን የሚጠጋ ዕቃ በእነዚያ አራት ማዕዘኖች ብቻ አየር ላይ ሲንጠለጠል ማየት ለምሕንድስና ተማሪ ከአንድ ወር ትምህርት አይተናነስም ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ጉምሩክ አለ። ዲክላራሲዮን የሚባለው የዕቃ መግለጫ ሰነድ ከቀረበ በኋላ ዕቃው እንደ ስጋቱ መጠን መስመር ይደርሰዋል፦ አረንጓዴ ከሆነ ያልፋል፣ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀይ ከሆነ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ይፈተሻል። ትራንዚተሩ ፋይሉን ይዞ ከመስኮት መስኮት ሲሮጥ፣ ጫኝና አውራጆች ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ከጅቡቲ በረሓውን አቋርጦ የደረሰው ሹፌር ከመኪናው ሥር ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል ይታያል። ስለ ሎጂስቲክስ በየስብሰባው ሲወራ እነዚህ ሰዎች እምብዛም አይነሡም፤ ሥራው ግን በእነሱ ትከሻ ላይ ነው።

ግቢው ሌላም ነገር ያሳያል። ዕቃቸውን አራግፈው ባዷቸውን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱት ኮንቴይነሮች ብዙ ናቸው። ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ የሚሞሉት ከፊሉን ብቻ ነው። ስለ ገቢና ወጪ ንግድ አለመመጣጠን ስንሰማ ኖረናል፤ እዚህ ግን ጉድለቱ ሞልቶ ከገባው ጎን ባዶውን ተደርድሮ በዓይን ይታያል።

የሥራ ቦታን ለጎብኚ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። ዌልስ ውስጥ ብላናቮን የምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ አለች። ቢግ ፒት የተባለው ጉድጓዷ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ለጎብኚ ተከፈተ። እንግዳው የራስ ቁርና መብራት ለብሶ ክብሪትና ባትሪ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ደጅ ትቶ 90 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። የሚመሩት እዚያው ሲቆፍሩ የኖሩ ሠራተኞች ነበሩ። ዩኔስኮም አካባቢውን በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ቅርስ የሆነው ግን ሥራው ከሞተ በኋላ ነው። የእኛም የድሬዳዋው የባቡር ወርክሾፕ ጎብኚ የሚስበው አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህ ነው። ሞጆ ግን በሕይወት አለ፤ ለማሳየት እስኪዘጋ መጠበቅ የለብንም።

እርግጥ ግቢው የጉምሩክ ክልል ነው፤ ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ማሽኑም አደገኛ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከአጥሩ ዳር ከፍ ያለ፣ ባለ መስታወት መመልከቻ፤ ከሥሩ በሩ የተከፈተ አንድ አሮጌ ኮንቴይነር፤ ከአሮጌው መስመር የተረፈ ቁራጭ ሐዲድ ከአዲሱ ጎን ተነጥፎ፣ ልጆች የአንድ ሜትሩንና የ1.435 ሜትሩን ልዩነት በእግራቸው እንዲለኩ። አስረጂዎቹ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ ሹፌሮችና ትራንዚተሮች ቢሆኑ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ይሆን ነበር! የአዳማ ተማሪዎች አውቶቡስ ተሳፍረው በግማሽ ሰዓት የሚደርሱበት ቦታ ነው። ድርጅቱና የከተማው አስተዳደር ተቀምጠው ቢነጋገሩበት፣ ለመጀመሪያው ዓመት በሳምንት አንድ ቀን ለትምህርት ቤቶች ብቻ ቢከፈት ይበቃል።