ፈሰስ፦ በክረምት እኩሌታ ጓሮን የሚያተርፍ ቦይ

ክረምት በአገራችን አቆጣጠር ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። እኩሌታው ነሐሴ 12 ገደማ ነው፤ በደጋውና በወይና ደጋው ሰማዩ ሳይገለጥ የሚውልበት፣ መሬቱም ጠጥቶ የጠገበበት ሰሞን። በዚህ ወቅት የጓሮ ሥራ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ችግኝ ላይ ያርፋል። ከችግኙ መቅደም ያለበት ግን ፈሰስ ነው። ፈሰስ ገበሬው ትርፍ ውሃ ከማሳው እንዲወጣለት ማሳውን ሰያፍ አቋርጦ በማረሻ የሚያወጣው ቦይ ነው። ለጤፍና ለገብስ የተበጀው ይህ ብልሃት ለጎመንና ለድንች መደብም ይሠራል፤ ለጓሮው አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቀኑን ለዚህ ቢሰጥ ከማንኛውም ሥራ ይልቅ ይጠቀማል።

ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። ደኅና አፈር በቅንጣቶቹ መካከል ውሃም አየርም ይይዛል፤ ዝናቡ ሲደጋገም ግን ውሃው የአየሩን ቦታ ይወስድና ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ምግብ መሳብ ያቅተዋል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅንም ከፊሉ ታጥቦ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ነሐሴ ላይ የጎመኑ የታች ቅጠል ሲገረጣ ባለቤቱ ማዳበሪያ ያነሰው መስሎት ይጨምራል፤ የጨመረውም የፊተኛውን ተከትሎ ይታጠባል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አንድ እግር ጎመን ነቅሎ ሥሩን ይይ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ደኅና ነው። ቡናማ ሆኖ ከሸተተ፣ በጣት ሲስቡትም ልጡ ከውስጡ ክር ተንሸራቶ ከወጣ፣ ተክሉን የጎዳው ውሃ ነው።

የመረሬ መሬት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን የሚገመተው ይህ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ደግሞ አብጦ ውሃ አላሳልፍ ይላል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ዝናቡ እስኪቀል ጠብቆ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ግን አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ያበጁና በዚያው መሬት ላይ በክረምት ስንዴ ያበቅላሉ። አፈሩም ዝናቡም ያው ነው፤ የተለየው ውሃው መውጫ ማግኘቱ ነው።

«በበጋ ውሃ ለሚቸግረን ሰዎች ዝናብን ማባረር ምን ይባላል?» የሚል ይኖራል። የጠገበ አፈር ግን ጨምሮ አይጠጣም፤ የተረፈው እዚያው ተኝቶ ሥር ያበሰብሳል። ለበጋ ማስቀመጥ የሚሻ ውሃውን በፈሰሱ መጨረሻ ላይ በጉድጓድ፣ የጣሪያውንም በበርሜል ይያዝ። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ተቃውሞ አለ፦ ፈሰስ አፈር ያስጠርጋል። ይህ እውነት ነው። በተዳፋት ላይ ቁልቁል የተለቀቀ ፈሰስ በጣና ዙሪያ ባሉ ማሳዎች ቦረቦር እስከ መፍጠር ደርሷል። ጥፋቱ የመጣው ግን ከአወጣጡ ነው። ፈሰስ ተዳፋቱን ወደ አግድም ተጠግቶ በዝግታ ይውረድ፤ ዳርና ዳሩ ደሾ ሣር ይተከልበት፤ ጫፉም ወደ ጎረቤት አጥር ሳይሆን ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ሣር ይድረስ። ይህ ከተጠበቀ ውሃው ይወጣል፣ አፈሩም ይቀራል።

የቀሩት የወቅቱ ሥራዎች ፈሰሱን ይከተላሉ። ከቦዩ የወጣው አፈር መደቡን ከፍ ያደርጋል፤ ድንቹንም ያስታቅፋል። በ1845 በአውሮፓ አቆጣጠር አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው የድንች በሽታ የሚወደው ቅዝቃዜና እርጥበት ነሐሴ ላይ በእኛም ደጋ ሞልቷል፤ ስለዚህ ቅጠሉ የጠቆረ ግንድ ሳይውል ሳያድር ተነቅሎ ከጓሮው ይራቅ። የኮምፖስት ክምር ይሸፈን፣ አለዚያ ንጥረ ነገሩ በዝናብ ይታጠባል። አረም ከእርጥብ አፈር በቀላሉ ይነቀላል፤ የሚነቅለው ሰው ግን በቦዩ ይሂድ እንጂ መደቡን አይርገጥ፣ የተረገጠ እርጥብ አፈር ይጠቀጠቃልና። ዝናቡ ባባራ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ጓሮ ውጡና ውሃው የተኛበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ፈሰሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።