ሰነድን የሚፈትሽ ሰነድ፦ ከስኪማ ጋር ትውውቅ

ኤክስኤምኤል መረጃን በስም እየለየ የሚያስቀምጥ የጽሑፍ ቅርጽ ነው፤ የመጽሐፍ ርዕስ ከሆነ <ርዕስ> ብሎ ይከፍትና </ርዕስ> ብሎ ይዘጋል። ታግ የሚባሉት እነዚህ ምልክቶች በወጉ ከተዘጉና እርስ በርስ ካልተጠላለፉ ኮምፒውተር ሰነዱን ያነበዋል። መነበብ ግን ሌላ፣ ልክ መሆን ሌላ ነው። ርዕስ የሌለው መጽሐፍ፣ ሁለት የልደት ቀን ያለው ሰው፣ በዋጋ ቦታ የተጻፈ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ታጋቸው በወጉ ተዘግቶ ሊቀርቡ ይችላሉ። ይህን የሚይዘው ስኪማ ነው፦ በሰነዱ ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ዓይነት ይዘት ይዞ የሚለውን የሚደነግግ ሌላ ሰነድ።

ኤክስኤምኤል በ1998 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ ዲቲዲ የሚባለውን የደንብ አጻጻፍ ይዞ መጣ። ዲቲዲ የትኛው ኤለመንት (በታግ ተከፍቶ በታግ የሚዘጋው ክፍል) በየትኛው ውስጥ እንደሚገባ ይናገራል እንጂ በኤለመንቱ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ቁጥር ይሁን ቀን አይለይም። ያንን ክፍተት የሞላው በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስኤስዲ ነው። በዚያው ዓመት ጄምስ ክላርክና ማኮቶ ሙራታ ሪላክስ ኤንጂ የተባለውን የስኪማ ቋንቋ አወጡ፤ ለሰው ዓይን እጅግ የቀለለ ነው። ለሂሳብና ለምዝገባ መረጃ ኤክስኤስዲን፣ እንደ ብራና መግለጫ ላለ ውስብስብ ጽሑፍ ሪላክስ ኤንጂን እመርጣለሁ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግበው ፕሮጀክትም ሥራውን የሚያካሂደው በኤክስኤምኤል ነው።

ስኪማ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚሳተው ባዶ ነገር ላይ ነው። በኤክስኤስዲ አንድ ኤለመንት ልክ አንድ ጊዜ መገኘት አለበት ካልን፣ ምንም ያልተጻፈበት <ርዕስ></ርዕስ> ያልፋል፤ ኤለመንቱ አለና፣ ባዶ ጽሑፍም ጽሑፍ ነውና። ቢያንስ አንድ ፊደል ይኑረው ብንል ደግሞ አንዲት ባዶ ቦታ ታልፋለች። መፍትሔው ዓይነቱን ከተራ ጽሑፍ ወደ ቶክን መለወጥ ነው፤ ያን ጊዜ ዳርና ዳር ያሉት ባዶ ቦታዎች ተቆርጠው ነው ርዝመቱ የሚለካው።

ለእኛ ዋናው ፈተና የቀን ነገር ነው። የኤክስኤስዲ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. 2016-02-30 ተብሎ ቢገባ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ ይጥለዋል። ጳጉሜ 5ንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል። እነዚህስ ደግ ናቸው፤ ስሕተቱ ይታያል። የሚያስፈራው የሚያልፈው ነው። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት 2016-05-11 ተብሎ ቢጻፍ ያለ አንዳች ተቃውሞ ሜይ 11 ቀን 2016 ሆኖ ይቀመጣል፤ በዓሉ የዋለው ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስሕተት ልክ ነው የሚል ማረጋገጫ አግኝቶ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ወይ ቀኑን ከማስገባታችን በፊት ወደ ጎርጎርዮስ መለወጥ፣ ወይ የራስን የቀን ዓይነት መደንገግ ያስፈልጋል፤ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30፣ 13ኛው ወር ላይ ግን እስከ 6። ጳጉሜ 6 የምትኖረው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ብቻ በመሆኑ፣ ይህን በፊደላት ንድፍ (ፓተርን) ብቻ መጻፍ አድካሚ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስኤስዲ 1.1 እንዲህ ያለውን ሁኔታ በአንድ መስመር ስሌት ማስቀመጥ ይፈቅዳል። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው ኤክስኤምኤል ሊንት የተባለው መፈተሻ ፕሮግራም ግን ይህን እትም አይረዳውም፤ ዜርሲስና ሳክሰን የተባሉት መፈተሻዎች ይረዱታል።

የኤለመንቶችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍም ሁልጊዜ የተፈቀደ አልነበረም። የመጀመሪያው ኤክስኤምኤል ስሞችን የወሰነው በዩኒኮድ 2.0 ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 ነበር። <ርዕስ> በኤክስኤምኤል 1.0 ሕጋዊ ስም የሆነው ከ2008ቱ አምስተኛ እትም ወዲህ ነው። አሁን የምዝገባ ሠራተኛው ራሱ የሚያነበውን ስኪማ፣ በሚያውቃቸው ቃላት መጻፍ ይቻላል።