የእግር እንጀራ

ስፖርትን ሙያው ያደረገ ሰው የሥራ መሣሪያው የገዛ አካሉ ነው። አናጢ መጋዙ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ጉልበቱ የተጎዳ ተጫዋች ግን ምትክ የለውም። ያ መሣሪያ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። እግር ኳስ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ጫማውን ይሰቅላል። ሌላው ሰው በአርባ ዓመት ሠርቶ የሚያጠራቅመውን ስፖርተኛ በአሥራ አምስት ዓመት ማግኘት ይኖርበታል፤ ካላገኘም ሁለተኛ ሙያ ያስፈልገዋል።

መንገዱ የሚጀምረው ከሰፈር ነው። በእስራኤል በሬሖቮት ከተማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩበት ቂርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር አለ። የከተማዋ ሁለት የታወቁ የእግር ኳስ ክለቦች ማካቢ ሻዓራዪምና ሃፖኤል ማርሞሬክ ስማቸውን የወሰዱት የየመን አይሁዶች ካቋቋሟቸው ሰፈሮች ነው። ልጅ ወደ ታዳጊ ቡድን ሲገባ ወላጅ የወር ክፍያውን፣ ጫማውንና መጓጓዣውን ይሸፍናል። ልጁ ደመወዝ እስኪያገኝ ድረስ ቤተሰቡ ለዓመታት ከኪሱ ያወጣል ማለት ነው።

የሥራ ቦታው ጥቂት ነው። ከፍተኛው ሊግ፣ ሊጋት ሃዓል፣ 14 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ 25 ያህል ተጫዋች ቢይዝ ጠቅላላው 350 ቦታ ነው፤ ከዚያ ላይ የውጭ አገር ተጫዋቾች የሚይዙት ይቀነሳል። ከሥሩ ሊጋ ሌኡሚት፣ ቀጥሎም አሌፍ፣ ቤትና ጊሜል ይገኛሉ። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ክፍያው ያንሳል፤ በታችኞቹ ሊጎች ብዙ ተጫዋች ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ ወደ ልምምድ ይሄዳል።

በእስራኤል ሌላም ፈተና አለ፤ እሱም ወታደራዊ አገልግሎት ነው። ግዴታው የሚመጣው በ18 ዓመት ነው፣ ክለቦች ታዳጊውን ወደ ዋናው ቡድን ለማሳደግ በሚመርጡበት ዕድሜ። ሠራዊቱ ለተመረጡ ወጣቶች በዕብራይስጥ «ስፖርታይ ሚጽታየን» (የላቀ ስፖርተኛ) የሚባል ማዕረግ ይሰጣል፤ ማዕረጉን ያገኘ እያገለገለ ልምምዱንና ውድድሩን መቀጠል ይችላል። ያላገኘው ከጓዶቹ ወደኋላ ይቀራል። ባግሩት የሚባለውን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሳይጨርስ ኳስን ብቻ ይዞ የቀረ ወጣት ደግሞ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል።

ውል ሲፈረም ቁጥሩን ከማየት በፊት ዘመኑን ማየት ይበጃል። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ውል ከ3 ዓመት አይበልጥም፤ የአዋቂው እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ውሉ ሲያልቅ ክለቡ የማደስ ግዴታ የለበትም። ያው ደንብ ለአሳዳጊዎችም ያስባል፤ ተጫዋች በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያለው ኤሊ ዳሳ ከቤይታር ኢየሩሳሌምና ከማካቢ ቴል አቪቭ ተነሥቶ በኔዘርላንድና በሩሲያ ተጫውቷል፣ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበልም ሆኗል። እዚህ የሚደርስ ግን ጥቂት ነው።

ሩጫ ከዚህም የጠበበ ሒሳብ አለው፤ ሯጭ ብዙውን ጊዜ የወር ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ ስለማያገኝ በሽልማት፣ በስፖንሰርና በድጎማ ይኖራል። በኢትዮጵያ ተወልዶ ለእስራኤል የሚሮጠው ማሩ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ከ70ኛ ደረጃ በኋላ ነበር የጨረሰው። በቶኪዮ 13ኛ ወጣ። በ2022 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና ወርቁን በ2 ሰከንድ ተቀደመና ብር ወሰደ፤ ነሐሱም የወገኑ የጋሻው አያሌ ሆነ። በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ እንደገና ብር አጠለቀ። በዚያ ውድድር የወርቁ ሽልማት 70 ሺህ፣ የብሩ 35 ሺህ፣ የስምንተኛው 5 ሺህ ዶላር ነበር፤ ዘጠነኛው ምንም አያገኝም። ከሚገኘውም ማናጀር ድርሻውን ይወስዳል፣ ግብርም አለ። የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚወዳደር አንድ ጉንፋን ወይም የጡንቻ ሕመም የስድስት ወር ገቢ ሊያሳጣ ይችላል።

የዕለት ኑሮውም ጥብቅ ነው። ሬሖቮት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል፤ ስለዚህ ሯጮች ለሳምንታት ከቤተሰብ ተለይተው ወደ ደጋ ይሄዳሉ። በዓለም አቀፍ የምርመራ ዝርዝር ውስጥ ያለ ስፖርተኛ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ያስመዘግባል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘ፣ አንዳች መድኃኒት ባይወስድም፣ እንደ ጥፋተኛ ተቆጥሮ ሊታገድ ይችላል።

ሙያው ሲያልቅ ሰላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይቀራል። በልጅነቱ ትምህርቱን የጨረሰ፣ ገቢው ጥሩ በነበረ ጊዜ የቆጠበ ወይም የአሰልጣኝነት ፈቃድ የያዘ ሽግግሩ ይቀለዋል። በኔታንያ አቅራቢያ ያለው ዊንጌት ተቋም በአገሪቱ የአሰልጣኞችና የስፖርት መምህራን ዋነኛ ማሠልጠኛ ነው። ከሜዳ የወጡት ግን ሁሉም አሰልጣኝ አይሆኑም፤ ሌሎቹ የሚተዳደሩት ከሩጫው ወይም ከኳሱ ጎን ለጎን በተማሩት ሙያ ነው።