ቶዮታ ሃይኤስ

ቶዮታ ሃይኤስ የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የሚያመርተው ሚኒባስና የዕቃ መጫኛ መኪና ነው። እስካሁን ስድስት ትውልዶች ወጥተዋል። በኢትዮጵያ አራተኛው ትውልድ «ዶልፊን»፣ አምስተኛው ደግሞ «አባዱላ» በመባል ይታወቃል። ሁለቱም በባሕር ዳር–ጎንደር መንገድና ከወረታ ተገንጥሎ ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መስመር ሰው ያመላልሳሉ።

ቅርጽ

ዶልፊን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ የሦስተኛው ትውልድ ማዕዘናማ ገጽታ ለስልሶ ግንባሩ ወደ ኋላ ተጋደመ። በ2004 የመጣው አባዱላ ጎኑ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ 1,880 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ዓይነትም አለው። የማርሽ እጀታው ወደ ዳሽቦርዱ ስለወጣ ከፊት ወንበሮች መካከል ቦታ ተገኘ። በኋላ የተደረጉት ማሻሻያዎች በአብዛኛው መብራትና ግሪል ላይ ናቸው።

እስከ አምስተኛው ትውልድ ድረስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ነው። ይህ ለተሳፋሪ ሰፊ ቦታ ይተዋል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ግጭት ቢደርስ ከሹፌሩ ጉልበት በፊት ያለው ብረት ጥቂት ነው። በ2019 የወጣው ስድስተኛው ትውልድ አጭር ኮፈን ያወጣው በዋናነት ለዚሁ ነው።

ሞተር

ዶልፊን 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትር የናፍጣ ሞተሮች ነበሩት። ከነዚህ 2,986 ሲሲ የሆነው 5ኤል ቱርቦ የለውም፤ አየር የሚስበው በራሱ ብቻ ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ ያለችው ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስትሆን፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር ደግሞ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚያቃጥለው ናፍጣም ይቀንሳል፤ ሙሉ ሰው የጫነ ዶልፊን ዳገቱን በከባድ ማርሽ የሚያዘግመው ስለዚህ ነው።

የአባዱላው 2ኬዲ ሞተር 2,494 ሲሲ ብቻ ቢሆንም ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን በብዙ ይሸፍናል። ናፍጣውንም ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፦ የኢንጀክተሮቹ ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ውኃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ያበላሻቸዋል፤ ፊልተር በወቅቱ አለመቀየርም እንዲሁ። በዚህ ረገድ አሮጌው 5ኤል ይሻላል። ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ያለ ኮምፒውተር ሊጠገን ይችላል።

አባዱላ ሁሉ ግን ባለ ቱርቦ አይደለም። በዚያው ቅርጽ ከ5ኤል ቤተሰብ የሆነ ሞተር ይዞ የተሸጠም፣ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለውም አለ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከውጭ አይቶ አይለየውም። የሚለየው የሞዴሉ መለያ ኮድ ነው፦ በ«ኤልኤች» የሚጀምረው 5ኤል፣ በ«ኬዲኤች» የሚጀምረው ባለ ቱርቦ፣ በ«ቲአርኤች» የሚጀምረው ቤንዚን ነው።