ከቫይረስ ስለ ተረፈው ሕፃን አእምሮ

የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደሟ ያለባት እናት ከቫይረሱ ንጹሕ የሆነ ልጅ መውለዷ ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ ብርቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በልደታ ክፍለ ከተማ ባለው በጥቁር አንበሳ ሐኪም ቤትም ሆነ በየወረዳው ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡሮች ደም ይመረመራል፤ ቫይረሱ የተገኘባትም መድኃኒቱን ዕለት ዕለት እየዋጠች ትወልዳለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ከመቶ ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚደርሱት በማሕፀን ወይም በምጥ ወይም በጡት ቫይረሱን በወረሱ ነበር፤ ሕክምናው በሚገባ ሲፈጸም ግን ቍጥሩ ከመቶ ከ5 በታች ይወርዳል። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በጥር ወር ያለ ዋጋ መታደል ከጀመረበት፣ ይልቁንም ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያው ጀምራ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንድትወስደው በ2005 ዓ.ም. ከተወሰነበት ጊዜ ወዲህ፣ ብዙ ሕፃናት ከሞት አምልጠዋል።

ሕፃኑ በተወለደ በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ጥቂት የደም ነጠብጣብ ተወስዶ በወረቀት ላይ ከደረቀ በኋላ ይመረመራል፤ ዳግመኛም በ18 ወሩ ይመረመራል። ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ክትትሉ ያበቃል፤ እናቲቱም ፈጣሪዋን አመስግና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ደስታዋ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊቀንስባት አይገባም። ሆኖም መዝገቡ በተዘጋበት ቀን የተመለሰው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል፤ ይኸውም ቫይረሱ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዘወር ይላልን? ቃል ጀምሯልን? የታዘዘውን ያስተውላልን? የጤና ደንብ የልጅ እድገት ሁሉ እንዲታይ ቢያዝም፣ ሰልፉ በረዘመበት ቀን ሚዛኑና የደሙ ውጤት ይቀድማሉ፤ አንደበቱን የሚጠይቅ ግን ይጠፋል።

በዓለም ላይ ከእንዲህ ያሉ እናቶች ተወልደው ቫይረሱ ያልያዛቸው ልጆች ከ15 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በደቡብ አፍሪካ በፓርል ከተማ አጠገብ ሕፃናትን ከማሕፀን ጀምረው የተከታተሉ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ባወጡት ጽሑፍ፣ እነዚህ ልጆች 2 ዓመት በሞላቸው ጊዜ ንግግርን በመስማትና በመናገር ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ የሚቀሩት ይበዛሉ ብለዋል። ሁሉም ይዘገያሉ ማለት አይደለም፤ ከነርሱ የሚበዙት በደኅና ያድጋሉ። ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም። በእናቲቱ ሰውነት ቫይረሱ የሚያስነሣው ብግነት፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ የክብደት ማነስ፣ የደም ማነስ፣ ችግር፣ የእናቲቱም ኀዘንና መገለል ተደራርበው ይሠራሉ። መድኃኒቱ ያመጣው ነው ብሎ መድኃኒቱን መተው ግን ልጁን ወደ ሞት መመለስ ነው።

ቫይረስ በማሕፀን ያለውን ልጅ ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀው በኤች.አይ.ቪ. ብቻ አይደለም። ኖርማን ግሬግ የተባሉ የአውስትራሊያ የዐይን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ሩቤላ የተባለው ሕመም በእርግዝናቸው ጊዜ ያገኛቸው እናቶች ዐይናቸው የታወረ ልጆች መውለዳቸውን ገለጡ፤ በ2015 ደግሞ በብራዚል ዚካ የተባለው ቫይረስ የራስ ቅላቸው ያነሰ ሕፃናትን አስከተለ። በነዚያ ጉዳቱ ለዐይን ይታያል። ቫይረሱ በሳተው የኤች.አይ.ቪ. እናት ልጅ ላይ ግን የሚታይ ምልክት የለም፤ ስለዚህም ይዘነጋል።

የሰው አንጎል ሲወለድ የዐዋቂውን ሩብ ያህል ይመዝናል፤ በ2 ዓመቱ ከሦስት አራተኛ ያልፋል። መዝገቡ የሚዘጋው እንግዲህ ይህ ሥራ በጋለበት ወራት ነው። በነዚህ ዓመታት ለአንጎል ምግብ የሚሆነው እንጀራና ወተት ብቻ አይደለም፤ እናት ከልጇ ጋር ዐይን ለዐይን እየተያየች መነጋገሯ፣ የሚያየውን ነገር ስሙን መንገሯ፣ ሲኮላተፍ መመለሷ ነው። ይህን ለእናቶች የሚያስተምር ዘዴ ፕኒና ክላይን የተባሉ የእስራኤል ሊቅ አዘጋጅተው፣ ከኖርዌጁ ከሄኒንግ ሪዬ ጋር በዚሁ በአዲስ አበባ በድኾች ቤተ ሰቦች ዘንድ ሠርተውበታል። ዘዴው በዑጋንዳ ከኤች.አይ.ቪ. እናቶች ለተወለዱ ንጹሓን ልጆች አንድ ዓመት ቢሰጥ በንግግራቸው ላይ መሻሻል ታየ፤ በኋላ በተደረገው ሰፋ ያለ ምርመራ ግን የእናቶቹ አያያዝ ቢሻሻልም የልጆቹ ለውጥ እንደ መጀመሪያው አልጎላም። በዚምባብዌ ገጠር ደግሞ የተሻለ ምግብና ንጹሕ ውሃ ከነመጸዳጃው በአንድነት ለተሰጣቸው ልጆች እንቅስቃሴያቸውም ንግግራቸውም ተሻሽሏል። ጨዋታው ያለ ምግብ፣ ምግቡም ያለ ንጽሕና እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል።

በልደታ ይህ ነገር ሌላ መልክ አለው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌዎቹ መንደሮች ፈርሰው ፎቆች ቆመዋል፤ ቤቱ አምሯል፣ ውሃውም ቀርቧል። ነገር ግን በግንቦት ልደታ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ አብሮ የሚቀምስ፣ በሌላውም ቀን የጎረቤትን ልጅ አቅፎ የሚያጫውት የነበረ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበትኗል። ሕመሟን ለማንም ያልነገረች እናት በአራተኛ ፎቅ ከልጇ ጋር ብቻዋን ስትውል፣ ዝምታው ለሁለቱም ይከብዳል። በጤና ጣቢያ ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች እርስ በርሳቸው የሚመካከሩባቸው ማኅበሮች ይህን ዝምታ ስለሚሰብሩ፣ ልጁ ንጹሕ ነው ተብሎ እናቲቱ ከማኅበሩ እንዳትለይ ማድረግ ይገባል።

ለካህናት ደግሞ አንድ የታወቀ በር አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፤ የመጀመሪያው የደም ምርመራና የ6 ሳምንቱ ክትባት የሚደርሰው በ42 ቀኑ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መናገራቸው የብዙ ሰው ሕይወት የተመለከተ ነገር ነበር። እንዲሁ የንስሐ አባት በክርስትናው ዕለት ማንንም ሳይለይና ስለ ሕመም ሳይጠይቅ፣ ለእናት ሁሉ፣ ለክርስትና አባትና እናትም፣ ከሕፃኑ ጋር ዕለት ዕለት እንዲነጋገሩ ቢያዝዝ፣ የማንም ምስጢር አይገለጥም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትመጣም እንዲሁ ነው።

የጤና ሹማምንት ዘንድ የሚቀረው ሥራ ብዙ ወጪ አይሻም። ሕፃናት ሁሉ ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይመጣሉ፤ የክትባቱ ነርስ በዚያው ሰዓት ስለ መስማትና ስለ መናገር ሦስት ወይም አራት ጥያቄ ጠይቃ በካርዱ ላይ ልትጽፍ ትችላለች። የዘገየውም ወደ ሐኪም ይላካል፤ በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ሠራተኞችም ወላጆቹን ይጎበኛሉ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ የትኛው ልጅ ከየትኛው እናት እንደ ተወለደ በሰልፉ ላይ የቆመ ጎረቤት አያውቅም። በ18 ወሩ ንጹሕ ነው የተባለውም ልጅ 2 ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም 3 ዓመት ሲሆነው፣ እንደገና ይጠራ።