ዝናብ የጠራውን ዝናብ ሲገድለው

ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዓሣ ዓይነት ተወልዶ የሚያድገው በጅረት ነው። ከዚያ ወደ ባሕር ወርዶ ይጎለምሳል፤ በጥቅምትና በኅዳር የሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ዝናብ ጅረቶቹን ሲሞላቸው ደግሞ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ትውልድ ቦታው ሽቅብ ይዋኛል። በሲያትልና በአካባቢዋ ግን የጠራው ዝናብ ራሱ ይገድለዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ከታወቀ በኋላም ነገሩ እልባት አላገኘም፤ ዛሬም መነጋገሪያ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመልካም ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተማዋ የተበላሹ ጅረቶቿን መልሳ ለማዳን ብዙ ገንዘብ አወጣች። በምዕራብ ሲያትል እንደሚወርደው ሎንግፌሎ ባሉ ጅረቶች ዳር ዛፍ ተተከለ፤ የዓሣውን መንገድ የዘጉ ቱቦዎችም ተነሡ። ኮሆም ተመለሰ። ዳር ዳሩን እየተመላለሱ ዓሣ የሚቆጥሩ ሰዎች ግን ያልጠበቁትን አዩ። ዓሦቹ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ፤ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው ያጣጥራሉ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ይሞታሉ። ኮሆ እንቁላሉን ከጣለ በኋላ መሞቱ ተፈጥሮው ነው። እነዚህ ግን ሳይጥሉ ነበር የሚሞቱት፤ የሴቶቹ ሆድ ሲከፈት እንቁላሉ እንዳለ ይገኛል። ከተመለሱት ከግማሽ በላይ የሚያልቁበት ዓመት ጥቂት አልነበረም።

መጀመሪያ የተጠረጠሩት የውሃው ሙቀት፣ የኦክስጅን ማነስ፣ በሽታና ፀረ ተባይ ነበሩ። አንድ በአንድ ነጻ ወጡ። የቀረው ከመንገድ ታጥቦ የሚገባው ጎርፍ ነው። ተመራማሪዎች ከአውራ ጎዳና የቀዱትን የዝናብ ውሃ በኮሆ ላይ ሞከሩት፤ ዓሦቹ በሰዓታት ውስጥ አለቁ። ቸም የሚባለው ሌላው ሳልሞን በዚያው ውሃ ውስጥ ምንም ሳይሆን መዋኘቱ ደግሞ እንቆቅልሹን አባሰው። ያንኑ የመንገድ ውሃ በአሸዋና በኮምፖስት አጣርተው ሲሞክሩት ግን ኮሆው ተረፈ። ከዚህ ሁሉ ምርምር ለእኔ ትልቁ ውጤት ይህ ነው፤ የመርዙ ስም ሳይታወቅ መድኃኒቱ ታውቆ ነበር፤ መድኃኒቱም አፈር ነው።

ስሙ የተገኘው ታኮማ ውስጥ ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የታኮማ ግቢ እነ ዤንዩ ቲያንና ኤድዋርድ ኮሎድዚዬ ከመኪና ጎማ እየተፋቀ መንገድ ላይ የሚቀረውን ብናኝ ጠርጥረው የተፈጨ ጎማ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉ፤ ከወጡት ከ2,000 በላይ ኬሚካሎች መካከል ገዳዩን እያጠበቡ ፈለጉ። ያገኙት ከጎማ ሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር ነበር። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመረው 6ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል አየር ላይ ካለው ኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ 6ፒፒዲ-ኩዊኖን ይለወጣል። መርዙ ይህ ነው። ግኝቱ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ100 ናኖግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ ግራም አሥር ሚሊዮንኛ እጅ የማይሞላ መጠን፣ ከኮሆዎቹ ግማሹን ለመግደል ይበቃል።

ታዲያ ለምን አይታገድም? 6ፒፒዲ ያለ ምክንያት አልገባም፤ ያለ እሱ ጎማ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ በፍጥነት መንገድ ላይ የሚፈነዳ ጎማ ደግሞ ሰው ይገድላል። ምትክ ቢገኝ እንኳ ሌላ መርዝ አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላላምና ፑያላፕ የተባሉት ነባር ሕዝቦች የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኬሚካሉን ከጎማ እንዲያስወጣ ጠየቁ፤ ኤጀንሲውም በዚያው ዓመት ኅዳር ጥያቄያቸውን ተቀበለ። መቀበል ማለት ግን ሕግ የማውጣቱን ሂደት መጀመር እንጂ ማገድ አይደለም። ለፑያላፕና ለስክላላም ሳልሞን የውል መብት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መሬታቸውን ሲያስረክቡ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን በስምምነቱ አስጠብቀዋል።

በሲያትል ታክሲና ኡበር እየነዳ ለሚያድር ሐበሻ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጎማ ሲያልቅ ለመለወጫው ይጨነቃል እንጂ ያለቀው ወዴት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፤ ማንም አይጠይቅም። ኤሌክትሪክ መኪና መግዛትም እዚህ ላይ አያድንም፤ እሱም በጎማ ነው የሚሄደው፣ ክብደቱም ይብሳል።

አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ሲያትል ባለችበት በፒዩጄት ሳውንድ ባሕር ወሽመጥ የሚኖሩት ኦርካ የተባሉ ዓሣ በል የባሕር እንስሳት የሚራቡት በጎማ ምክንያት ነው የሚባለው የተጋነነ ነው። ሰባ ገደማ የቀሩትና እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው የተመዘገቡት እነዚህ እንስሳት ኮሆ ቢበሉም ዋና ምግባቸው ቺኑክ የተባለው ሌላው ሳልሞን ነው፤ ቺኑክ ደግሞ ይህን መርዝ ከኮሆ በተሻለ ይቋቋማል። የእነሱ ችግር የመርከብ ጫጫታና በሰውነታቸው የተጠራቀመ አሮጌ ኬሚካልም አለበት።

የዋሽንግተን ግዛት በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመንገድ ሥር ያሉትን የዓሣ መተላለፊያዎች እየከፈተ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ትእዛዙን አጽንቶታል። ሥራው ተገቢ ነው። ዓሣውን ወደ ላይ እያሳለፉ የመንገዱን ውሃ ሳያጣሩ መተው ግን የሎንግፌሎን ታሪክ መድገም ነው። በሲያትል የኦሮራ ድልድይ ሥር ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በተክል የሚያጣሩ ቦዮች ተሠርተዋል፤ ቦታ ይፈልጋሉ፣ በየጊዜው መጠረግም አለባቸው። ከተማው ሁሉ በአንዴ አይደረስበትም። ጅረት ዳር የሚቆጥሩት ሰዎች የትኛው ዝናብ በየትኛው ጅረት ስንት ዓሣ እንደገደለ መመዝገባቸው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቀጣዩ ቦይ የት ይቆፈር የሚለው ከዚያ ይታወቃል።